ሪባን እስኪቆረጥ የታሰረው በር

ለተከበሩ የመንደራችን ምክር ቤት ሊቀመንበር፣
ግልባጭ፦ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ፣ ለምርቃት ዝግጅት ኮሚቴ፣ እንዲሁም ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለሚያነበው ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ስብሰባ ላይ ብዙ ከመቀመጥ የመጣብዎት የወገብ ሕመምስ ተሻለዎት ወይ? እኔ ከባሌ ሞት በቀር ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። ቤቴ ከአዲሱ አዳራሽ ፊት ለፊት ስለሆነ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የምክር ቤታችሁን ሥራ አያለሁ፣ ማታ ስዘጋም አያለሁ፤ በዚህ በኩል ከእኔ የበለጠ የልማት ተካፋይ የሆነ ሰው በመንደሩ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፍልዎ ለወቀሳ እንዳይመስልዎት። ወቀሳ ያለው ሰው ቢሮዎ መጥቶ ወረፋ ይይዛል፤ እኔም በጊዜው መጥቼ ወረፋ ይዤ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ በተመለስኩ ቁጥር ወቀሳዬ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ አልቆ አሁን የቀረኝ ምስጋና ብቻ ነው። ምስጋናውም በዛ ያለ ስለሆነና እርስዎም ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ስለሆኑ፣ እንዳይምታታብዎት በማለት ቁጥር ሰጥቼ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፦ አሮጌውን አዳራሽ ስላፈረሱልን ከልብ አመሰግናለሁ። ያ አዳራሽ ጣራው በስተግራ ጥግ ያፈስ ስለነበር እዚያ ጋ የሚቀመጥ አልነበረም፤ እንግዳ ሰው መጥቶ ከተቀመጠም አንዱ እጁን ይዞ ሳብ ያደርገው ነበር። ከዚህ ሌላ ነውር አልነበረበትም። የተዳርነው እዚያ ነው፣ የተማከርነው እዚያ ነው፣ የተጣላነውም የታረቅነውም እዚያው ነው። የአዲሱ አዳራሽ ቀለም በደረቀ ሰሞን ግን አሮጌው አዳራሽ፣ ለምርቃቱ የሚጠበቁት የክብር እንግዳ በሚነሡት ፎቶግራፍ ላይ ከኋላ ሊገባ ይችላል ተብሎ ተጠናና፣ በማግስቱ ጣራውን አወረዳችሁት። ባሌ ከዘመናት በፊት የሠራቸውን አግዳሚ ወንበሮችም አውጥታችሁ ሜዳ ላይ ደረደራችሁልን፤ ዝናቡ መጣባቸው፣ ከዚያ ማገዶ ፈላጊ መጣባቸው፣ ከዚያ አለቁ። አንዷን ብቻ እሱና ሹፌሩ ጎረቤታችን ተሸክመው ደጃችን አድርሰዋታል።

ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሕፃናት የምትመዝነው ሚዛኑን የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥላ ነው። ንፋስ ሲመጣ ልጁም ሚዛኑም ስለሚወዛወዙ፣ አንዷ እናት ልጇ በአንድ ጊዜ ከስቶም ወፍሮም እንደተነገራት ለሰው ሁሉ ታወራለች። ነርሷ ደግሞ፣ «የተዘጋ ክፍል እኮ አጠገቤ አለ» እያለች ከዛፉ ሥር ትስቃለች፤ ሳቋ የደስታ አይደለም።

ሁለተኛ፦ በአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስላስተከሉት እብነ በረድ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጽሑፉ በወርቅማ ቀለም፣ «ተመርቆ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ሆነ» ይላል፤ ቀኑም ተቀርጾበታል። ያ ቀን ደረሰ፣ አለፈ፣ ከላይ ይመጣሉ የተባሉት የክብር እንግዳ ግን አልመጡም። ኮሚቴው ወዲያው ወደ እኔ መጥቶ ጽሑፉን የሚጋርድ ቀይ የከፋይ መጋረጃ እንድሰፋ ሲያዘኝ፣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ እያለ ግድግዳው «ክፍት ነኝ» እያለ ሕዝቡን እንዳይዋሽ ታስቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሰፋሁ። ከዚያ ቀኑ ተፍቆ ሌላ ቀን ተጻፈ፤ እሱም አለፈ፤ ተፍቆ ሌላ ተጻፈ። አሁን ድንጋዩ እዚያ ቦታ ላይ ጎድጉዷል። ቀዩ መጋረጃም ፀሐይ እየላሰው ነጣና፣ የደም ማነስ የያዘው ሰው መስሎ ተንጠልጥሏል። ሌላ እንድሰፋ ስለታዘዝኩ በዚህ አጋጣሚ ትእዛዙ እንደደረሰኝ አሳውቃለሁ።

እንግዳው በሚጠበቁበት ቀን ሁሉ መንገድ ጠርገናል፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ቀብተናል፣ ያለንን ልብስ ለብሰን ፀሐይ ላይ ቆመናል። በመጀመሪያ ጊዜ አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸው ተባልን። ቀጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ፤ ለነገሩ በዚያ ጭቃ ላይ ቆመን ስለነበር አልተጠራጠርንም። በሌላው ጊዜ ደግሞ ሌላ መንደር ሌላ አዳራሽ ሲመርቁ አመሹ። እሰይ፣ ቢያንስ አንድ የተከፈተ አዳራሽ በምድር ላይ አለ ብለን ተጽናንተን ወደየቤታችን ገባን።

ሦስተኛ፦ ስለ ወንበሮቹ። በመኪና ተጭነው የመጡት እነዚያ መከዳ ያላቸው ወንበሮች እስከነላስቲካቸው ተደርድረው ይገኛሉ። በመስኮት አጮልቄ አይቻቸዋለሁ። ላስቲኩ ላይ አቧራ፣ አቧራው ላይ የሸረሪት ድር አለ፤ ከላስቲኩ ሥር ግን ልክ እንደታዘዘው አንድም ሰው ያልተቀመጠባቸው አዲስ ናቸው። ዘበኛው ያንን ሁሉ ወንበር ከጀርባው አድርጎ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን የቤቴን በርጩማ ወስጄለት፣ «ተይ እትዬ፣ ከወንበሮቹ አንዱን አውጥቶ ተቀመጠበት ይሉኛል» ብሎ መለሰልኝ። ለሥራው እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ስለቀጠሩልን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ይህ ቁጥር የባሌ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም፣ አልችልምም።

ባሌን ያውቁታል። አናጢው ነው፤ መንደሩ «ውሃ ልክ» እያለ ይጠራው የነበረው። ያዘመመ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ሰው ቤት እንግድነት ሄዶ እንኳ ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር ወረቀት ካልወተፈ ምግብ አይወርድለትም። እኔ በኀፍረት እሞታለሁ፣ ባለቤቶቹ ይስቃሉ፣ እሱ ግን ጠረጴዛው ቀጥ ሲል ብቻ ቀና ይል ነበር።

የአዲሱን አዳራሽ ባለ ሁለት ተካፋች በር የሠራው እሱ ነው። ለበሩ የዋለው ጣውላ ለራሳችን ቤት በር ብሎ ከጓሮ ሸፍኖ ያደረቀው ነበር፤ እኔ አኩርፌ፣ «የእኛስ?» ብለው፣ «የእኛ በር የሚከፈተው ለሁለት ሰው ነው፣ ያኛው ግን ለመንደር ነው» አለኝ። የእኛ በር እስከ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። በሩን በሰቀለበት ቀን ከስፌቴ አስነሥቶ ጠራኝና፣ በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ከፈተው፣ በአንድ ጣቱ መልሶ ዘጋው። «ስሚ» አለኝ። «ምኑን? ምንም አልሰማሁም» አልኩት። «እሱን ነው የምልሽ!» ብሎ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ሕዝብ ሞልቶ፣ ንግግር እየተደረገ፣ አርፍዶ የመጣ ሰው በዚያ በር ሲገባ ማንም ዞሮ አያየውም አለ። የሕልሙ ቁመት ይኸው ነበር፤ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ከኋላ ተቀምጦ፣ የገዛ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ አለመስማት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰንሰለት ገባ፣ ጓጉንቸር ገባ፣ ሪባን እስኪቆረጥ ማንም እንዳያልፍ ተባለ።

ዕድሜውን ሙሉ የማገው ሰጋቱራ ደረቱ ውስጥ ተከማችቶ ኖሮ፣ ሳሉ ጠና። መጋዝ መያዝ አቃተው፣ ከዚያ መላጊያ አቃተው፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት አቃተው። የተረፈችዋን አግዳሚ ወንበር ደጃፋችን ላይ አድርጌለት፣ ፊቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ ይውል ጀመር። እኔ ከውስጥ መኪናዬን ስዘውር፣ እሱ ከውጭ፣ «ከፈቱት እንዴ?» ይላል። «ገና ነው» እላለሁ። አስቀምጬው ገበያ ደርሼ ስመለስ ያው፣ «ከፈቱት?» ነው። እዚያው ፊቱ ላይ ያለውን በር እኔን የሚጠይቀኝ ዓይኑ ስለደከመ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ያን ጊዜ ነው ቢሮዎ የመጣሁት። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የተከበሩ ጸሐፊዎ ተቀበሉኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ፣ ላስቲክ የሌለው። ባሌ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ገብቶ ይቀመጥ፣ እኔ እራሴ ጫማውን አውልቄ አስገባዋለሁ፣ ወለሉን ጠርጌ እወጣለሁ አልኩ። እሳቸውም በትሕትና፣ ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ሁሉም እንደሚጠይቅ፣ ወለሉም በሰም የተወለወለ መሆኑን አስረድተው፣ በምርቃቱ ዕለት ግን በመጀመሪያው ረድፍ የክብር ቦታ እንደሚያዝለት ቃል ገቡልኝ። ስለተያዘለት ቦታ አመሰግናለሁ። እስካሁን ባዶውን እየጠበቀው ነው።

በመጨረሻው ሰሞን ከአልጋ መነሣት ተሳነው። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር፤ ላዞረው ስል ያመዋል። እንደዚያ ሆኖም፣ «ከፈቱት?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እዚያ ጋ አቃተኝ። «አዎ፣ ዛሬ ተከፈተ» አልኩት።

«ሰው ሞላ?» አለኝ።

ጢም ብሏል፣ መቀመጫ ጠፍቶ ቆመዋል፣ ነርሷም ሕፃናቱን ከውስጥ እየመዘነች ነው አልኩት። ሊቀመንበሩ ደስ የሚል ንግግር አደረጉ፣ አጭር ነበር ብዬም ጨመርኩ፤ ይኼኛውን ሲሰማ መጠርጠሩ አልቀረም መሰለኝ ትንሽ ሳቅ አለ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «በሩስ?»

«አልጮኸም» አልኩት፤ «ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ማንም ዞሮ አላየውም።»

«በይ ተመስገን» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ምርቃቱ እንዴት ይሁን እያላችሁ ስትደክሙ፣ ሥራውን እኔ አንድ ጎስቋላ ልብስ ሰፊ ከአልጋ አጠገብ ቆሜ ጨርሼላችኋለሁ። ሪባን አልነበረም፣ ፎቶ አንሺ አልነበረም፣ የክብር እንግዳው ግን ተገኝቶ ነበር። ያለ ፈቃድ በስምዎ ንግግር አስደርጌያለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባሌ የሞተው ክረምቱ በገባ ሰሞን ነው። ከቀብር ለሚመለሰው ሕዝብ መጠለያ እንዲሆን አዳራሹ ለዚያች ቀን ብቻ ይከፈት ዘንድ፣ ሹፌሩ ጎረቤታችን በእኔ ስም ኮሚቴውን ለመነ። የተሰጠው መልስ ጥበብ የተሞላበት ስለሆነ ለትውልድ እንዲቀመጥ እዚህ አሰፍረዋለሁ። አዳራሽ የሚከፈተው በደስታ እንጂ በለቅሶ አይደለምና፣ ቢቻል የሐዘኑ ሥነ ሥርዓት ከምርቃቱ በኋላ ወዳለ ምቹ ቀን ይተላለፍ ነበር የተባለው። ለተደረገልን አስተያየት እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ባሌ እንደ ክብር እንግዳችሁ ቀጠሮ የማዛወር ልማድ ያልነበረው ሰው ስለሆነ በዕለቱ ተቀበረ።

ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ሹፌሩ የመኪናውን ሸራ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ከአዳራሹ በረንዳ፣ ሌላውን ከነርሷ ዛፍ ላይ አሰረልንና ሕዝቡ እዚያ ሥር ተጠጋጋ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ዝናብ እየመታው፣ ዕንባና ውሃው ፊቱ ላይ ተቀላቅሎ፣ «ወገኖቼ፣ ግድግዳውን እንዳትደገፉ፣ እኔ ታዝዤ ነው» እያለ ይለምነን ነበር። አልተደገፍንም። ሽማግሌዎቹ እንኳ አልተደገፉም። ከጀርባችን ያን ሁሉ ወንበር ይዞ፣ ባሌ የሠራው በር በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል፤ እኛ ጭቃ ላይ ቆመናል።

እርስዎም መጥተው ነበር፤ ውለታዎን አልረሳም። ጃንጥላዎ ሰፊ ነበረች። እጄን ጨብጠው «በርቺ» ብለውኝ፣ የምርቃት ዝግጅት ስብሰባ ስለነበረብዎት ቶሎ ሄዱ። በዚያች ቅጽበት ምን እንደታወሰኝ ልንገርዎት? የእናትዎ ለቅሶ ታወሰኝ። የተለቀሰላቸው በአሮጌው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እኔ ከጎናቸው የማልለይ ጓደኛቸው ነበርኩና አብሬዎት ተቀምጫለሁ። ያን ዕለትም ክረምት ነበር፣ ዝናቡም እንዲሁ ነበር፣ እርስዎ ግን ከባሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ደርቀው ተቀምጠው አለቀሱ። ወንበሯ አልተነቃነቀችም። ሐዘኑን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፉ ያለዎትም አልነበረም።

አሁን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። በሩ ይከፈት። ለባሌ ብዬ አይደለም፤ ለእሱ ተከፍቶለታል፣ ሰውም ሞልቶለታል። ለእኔ ብዬ ነው። መስኮቴን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሰንሰለት «ውሸታም» ይለኛል። አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ልብስሽ አምሯል አላማረም በሚል ነገር እንኳ ያልተዋሸን ሰዎች ነን፤ የመጨረሻው ቃሌ ግን ውሸት ሆኖ ቀረ፤ ያንን ውሸት እውነት ማድረግ የሚችል ሰው በዚህ ምድር ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት። ነርሷ ሚዛኗን ይዛ ትግባ። ዘበኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ላስቲኩ ይቀደድ። የክብር እንግዳውም አንድ ቀን መንገዱ ሲደርቅላቸው ቢመጡ፣ ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ አርፍደው ይግቡ፤ በሩ ያውቅበታል፣ ማንም ዞሮ አያያቸውም።

ለመቀስ ማስቀመጫ እንድሰፋ የታዘዝኩትን ባለ ዘርፍ ትራስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዘበኛው እጅ ልኬያለሁ። ሪባኑንም ጠርዙ እንዳይተረተር ቀምቅሜዋለሁ። መቀስ ከጠፋ የእኔን እሰጣለሁ፤ ስል ነው፣ ቤቴም ቅርብ ነው።

የመንደራችንን ልማት በመስኮቷ የምትከታተል፣ ለእብነ በረዱ መጋረጃ የምታቀርብ፣ ዕድሜና ጤና፣ ረጅም ስብሰባና የማይበጠስ ሪባን የምትመኝልዎ፣ ሁልጊዜም ትሑት ታዛዥዎ፣

የአናጢው ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህ ከዚህ በታች ያለው ለሊቀመንበሩ አይደለም፤ ለጓደኛዬ ልጅ ነው። ልጄ፣ ትናንት ዘበኛው ፈቅዶልኝ በሩን ቀረብ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ስለቆመ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ማጠፊያው ዝጓል፣ ሰንሰለቱ የሚፈቅደውን ያህል ገፋ ሳደርገው ሲጥጥ አለብኝ። የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ እንግዳ መጣም ቀረም፣ በምትከፍትበት ቀን ማንም ሳይደርስ ቀድመህ ና፣ ማጠፊያውንም በእጅህ ዘይት ቀባልኝ። አልጮኸም ብዬዋለሁ።